ሰውነት፣ ነፍስ፣ ማንነት፤ በአንድ የፍልስፍና መግቢያ ትምህርት ላይ የቀረበ የስያሜ ሒስ

ፍልስፍናን ያለ መምህር ለመማር የሚነሣ ሰው ዛሬ የትምህርት እጥረት የለበትም። በኢንተርኔት ከሚገኙት የመግቢያ ትምህርቶች አንዱ ፕሮፌሰር ሼሊ ኬገን በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ «ሞት» በሚል ርእስ ያስተማሩት ነው። ዩኒቨርሲቲው ትምህርቱን እ.ኤ.አ. በ2007 ቀርጾ ለማንኛውም ተመልካች በነጻ አቅርቦታል። 26 ንግግሮችን ይዟል፤ የየንግግሩም ቃል በቃል ጽሑፍ ተያይዞለታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ትምህርቱን በጠቅላላው መመዘን አይደለም። አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ብቸኛ ተማሪ ትምህርቱን በራሱ ቋንቋ ሊያስብበት ሲሞክር የሚገጥመውን የስያሜ ችግር መመርመር ነው።

በቅድሚያ የትምህርቱን በጎ ጎን መግለጽ ይገባል። መምህሩ በከባድ ሙያዊ ቃላት አያስፈራሩም። ገና በመጀመሪያው ንግግር የራሳቸውን አቋም ይፋ ያደርጋሉ፤ ይኸውም ነፍስ የምትባል ረቂቅ ነገር እንደሌለች፣ ዘላለማዊ ሕይወትም ቢገኝ መልካም እንደማይሆን እንደሚከራከሩ ይናገራሉ። ከተማሪው የሚፈለገው ምክንያቱን እንዲመረምር እንጂ አቋሙን እንዲቀበል አይደለም። ሆኖም በምስል ሊቀረጽ ያልቻለ አንድ ነገር አለ። በአዳራሹ የተቀመጡት ተማሪዎች የውይይት ክፍልና የሚታረም ጽሑፍ ነበራቸው። ብቸኛው ተማሪ ይህ የለውም። እንግሊዝኛውን ሰምቶ በአማርኛ ሲጽፍ ስሕተቱን ሊይዝለት የሚችለው የገዛ ቋንቋው ብቻ ነው፤ ቋንቋው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ የስሕተቱ ተባባሪ ሆኖ ይገኛል።

ለዚህ የሚሆነው ማስረጃ ከዚህ ጸሐፊ የማስታወሻ ደብተር የተወሰደ ነው። ትምህርቱ ሁለት አመለካከቶችን ያነጻጽራል። አንደኛው ሰው ከሥጋና ከነፍስ የተዋቀረ ነው ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሰው ማለት ማሰብን፣ መናገርንና ማፍቀርን የመሳሰሉ ተግባሮችን ማከናወን የሚችል ግዙፍ አካል ብቻ ነው ይላል። ጸሐፊው ሁለተኛውን አሳጥሮ «ሰው ማለት ሰውነቱ ነው» ሲል መዘገበው። ዐረፍተ ነገሩ ሲነበብ የሚያከራክር ነገር ያለው አይመስልም። ምክንያቱም «ሰውነት» በአገባቡ ገላን የሚያመለክት ቢሆንም፣ በአመሠራረቱ «ሰው» ከሚለው ስምና «-ነት» ከሚለው ባዕድ መድረሻ የተገኘ በመሆኑ፣ እንደ «እናትነት» ሁሉ፣ ሰው መሆንን ይገልጻል። ስለዚህ በርካታ ንግግሮች የፈጀው ክርክር በአንድ ቃል፣ ያለ አንዳች ማስረጃ፣ ተደመደመ ማለት ነው።

«ነፍስ» የሚለው ቃል በአንጻሩ ለተቃራኒው ወገን ያደላል። በዕለት ንግግራችን ነፍስ ሕይወት ናት። ከሕመም ያገገመውን «ነፍስ ዘራ»፣ ክፉና ደጉን የለየውን «ነፍስ ዐወቀ»፣ እርጉዟን «ነፍሰ ጡር» እንላለን። እንግዲህ «ሰው ነፍስ የለውም» የሚለውን አቋም የሰማ አማርኛ ተናጋሪ «ታዲያ እንዴት ቆሞ ይሄዳል?» ቢል አይፈረድበትም። በመጀመሪያው ቃል ነፍስን የማይቀበለው ወገን ሳይከራከር እንደረታ፣ በሁለተኛው ቃል ደግሞ ነፍስን የሚቀበለው ወገን ሳይከራከር ይረታል።

ትምህርቱ ከሚመረምራቸው ጽሑፎች አንዱ በሆነው በፕላቶ «ፋይዶን» ላይ ጉዳዩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በዚያ መጽሐፍ የሶቅራጥስ የመጨረሻ ክርክር፣ ነፍስ በገባችበት ሁሉ ሕይወትን ይዛ ስለምትገባ የሕይወት ተቃራኒ የሆነውን ሞትን ልትቀበል አትችልም የሚል ነው። የግሪኩ ቃል «ፕሲኼ» እንደ እኛው «ነፍስ» ሕይወትንና ረቂቁን ነገር አጣምሮ ይይዛል፤ በዛሬው እንግሊዝኛ ግን ይህ ትስስር ላልቷል። በዚህ ረገድ አማርኛ አንባቢ ለጥንታዊው ጽሑፍ የቀረበ ነው። ቅርበቱ ክርክሩ ስለ ምን አሳማኝ እንደ መሰለ ለመረዳት ያግዘዋል፤ ነገር ግን ክርክሩ ከቃሉ ትርጉም አልፎ ስለ ነገሩ ህልውና ማረጋገጡን እንዳይጠይቅ ሊያዘናጋው ይችላል።

ሦስተኛው ችግር «ማንነት» ነው። ትምህርቱ ትናንት የነበረውንና ዛሬ ያለውን ሰው ያው አንድ ሰው የሚያሰኘው ምን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ነፍስ ነውን? ገላ ነውን? ወይስ የእምነት፣ የትዝታና የፍላጎት ቀጣይነት? ይህን ጥያቄ «የግል ማንነት» ብሎ የሚተረጉም ሰው አንባቢውን ወደ ሌላ መንገድ ይመራዋል። «ማንነት» ለ«ማን ነው?» መልስ ይሰጣል፤ ትውልድን፣ ሃይማኖትን፣ ብሔረሰብን ያስታውሳል። የፍልስፍናው ጥያቄ ግን «ያው ነው ወይ?» የሚል ነው።

ከዚህ ተነሥቶ አማርኛ ለፍልስፍና አይበቃም የሚል ቢኖር እጅግ ይሳሳታል። በሃይማኖት ትምህርት «በአካል ሦስት፣ በባሕርይ አንድ» ሲባል የኖረው እጅግ ረቂቅ የሆነ ልዩነትን በሁለት ቃላት አጽንቶ ነው። ችግሩ ያለው ከቃላት መደራረብ ላይ ነው። «አካል» በነገረ መለኮት ራሱን ችሎ የሚኖር ህላዌን፣ በዕለት ንግግር ገላን፣ በአስተዳደር መሥሪያ ቤትን ያመለክታል፤ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ በተስፋፋው የርእዮተ ዓለም ጽሑፍ ደግሞ «ቁስ አካል» በሚለው ስያሜ ውስጥ ገብቷል። ብቸኛው ተማሪ ቃሉን ሲጽፍ አራቱም ትርጉሞች አብረው ይመጣሉ።

ስለዚህ የሚከተለው ለውይይት ይቀርባል። ስለ ሰው ተፈጥሮ በሚደረግ ክርክር ከ«ሰውነት»ና ከ«አካል» ይልቅ «ገላ» ይመረጥ፤ ተራ ቃል ነው የሚል ተቃውሞ ቢነሣም፣ ተራ መሆኑ ለየትኛውም ወገን እንዳያደላ ይረዳዋል። «ነፍስ» ለረቂቁ ነገር ብቻ ይዋል፤ ሕይወት ሲፈለግ «ሕይወት» ይባል። «አእምሮ» ለማሰብ ችሎታ ይቀመጥ፤ የክርክሩ ሁለት ወገኖች ሰው አእምሮ እንዳለው ይስማማሉና፣ ይህ ቃል የጋራ መነሻ ሊሆን ይችላል። ለሦስተኛው ጥያቄ አዲስ ስም ከመፍጠር ይልቅ «ያው ሰው መሆን» የሚለው ሐረግ ይበቃል።

በመጨረሻም የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። አንድን የባዕድ ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል ፊት ለፊት ማስቀመጥ ለተርጓሚ ጥድፊያ ይመች ይሆናል። ለብቸኛው ተማሪ ግን መዝገበ ቃላቱ የጎደለው የውይይት ክፍል ነው። ቃሉ በየትኛው ክርክር ለማን እንደሚያደላ ካልነገረው፣ ተማሪው 26ቱንም ንግግሮች ሰምቶ የሚወጣው ቀድሞ ቋንቋው የወሰነለትን መልስ ብቻ ይዞ ይሆናል።