ስድስት ሰዓት ደርስ በአንዲት ዲስክ

አንድ ቤተሰብ የሟች አባታቸውን (አላህ ይዘንላቸው) የኪታብ ደርስ በዲቪዲ አስገልብጠው እንዳየው ሰጡኝ። የሸይኹ ፊት በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተበጣጥሷል፤ ድምፃቸውም ከመታፈኑ የተነሣ «ሓእ»ን ከ«ኻእ» መለየት ያስቸግራል። ደርስ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ጥፋቱን ለካሜራው እንዳንሰጥ ዋናው ፋይል በኮምፒውተር ሲታይ ጥርት ያለ ነው። ገልባጩ ስድስቱን ሰዓት 4.7 ጊጋባይት በምትይዝ አንዲት ዲስክ ጠቅጥቆታል። እስቲ አስቡት! ሁለት ሰዓት ቢጫንባት ለእያንዳንዱ ሴኮንድ 5 ሜጋቢት ገደማ ይደርሰዋል፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ግን 2 እንኳ አይሞላም። ቦታ ለመቆጠብ ድምፁንም እንደቀነሰው ራሱ ነገረኝ። ሽፋኑ ላይ ደግሞ «ኤችዲ» ብሎ ጽፏል! የተለመደው ዲቪዲ ምስሉ ከ720 በ576 ነጥብ አያልፍም።

ከዚያችው ዲስክ ዳግም ማስገልበጥ የጠፋውን አይመልስም። ከዋናው ፋይል ተነሥቶ በሦስት ዲስክ ይከፈል፣ ድምፁም በ48 ኪሎኸርዝና በ224 ኪሎቢት ይሁን አልኳቸው። ዋናው ፋይል ያለው በአንድ ፍላሽ ላይ ብቻ መሆኑን ስሰማ ግን ደነገጥኩ፤ ዲስኩ ይቆይና ዛሬውኑ ሌላ ቦታ አስቀምጡት አልኳቸው።