ከትእዛዝ መስመር ወደ ኮድ

አንድን የድር ጥያቄ ከከርል ትእዛዝ አንሥቶ ወደ ፓይተን ኮድ መመለስ፣ ላዩን ብቻ ለሚመለከተው ሰው የገልባጭ ሥራ ይመስላል፤ በዚህ ሙያ ውሎ ያደረ ሁሉ እንደሚመሰክረው ግን፣ በትእዛዙ ላይ በግልጽ የተጻፈው ቃል ብዙም አያስቸግርም፤ ድካሙ ያለው ትእዛዙ ዝም ብሎ ባለፈው፣ ከርልም ማንም ሳያዝዘው በልማዱ በሚፈጽመው ነገር ላይ ነው።

ስዊድናዊው ዳንኤል ስቴንበርግ እ.ኤ.አ. በ1998 ከርል በሚል ስም ያወጣው፣ ከትእዛዝ መስመር የድር ጥያቄ የሚልክ መሣሪያ እጅግ ከመስፋፋቱ የተነሣ፣ የኤፒአይ ሰነድ የሚያዘጋጅ ሰው ምሳሌውን አብዛኛውን ጊዜ በከርል ይጽፋል፤ ብራውዘሮችም የላኩትን ጥያቄ በከርል መልክ ቀድተው ይሰጣሉ። ስለዚህ ሥራችን የሚጀምረው ሌላ ከጻፈው ትእዛዝ ሲሆን፣ የሚያርፈውም ብዙ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ሪክዌስትስ በተባለው የፓይተን ላይብረሪ ላይ ነው። ሰረዝ ትልቁ ኤች ወደ ሄደር ይገባል፣ ሰረዝ ዩ የስምና የይለፍ ቃል ጥንድ ይሆናል፣ ሰረዝ ቢ ኩኪ ይሆናል፤ ይህን ክፍል አውቶማቲክ መለወጫዎች በቅጽበት ስለሚፈጽሙት እኔም ያለ ኀፍረት እገለገልባቸዋለሁ።

ዝምታው ግን ሌላ ነው። ሰርቨሩ «ወደ ሌላ አድራሻ ሂድ» ብሎ 302 ቢመልስ፣ ከርል ሰረዝ ትልቁ ኤል ካልተጨመረለት በስተቀር በዚያው ይቆማል፤ ሪክዌስትስ ግን ሳይጠየቅ ተከትሎ ሄዶ የመጨረሻውን ገጽ ከ200 ጋር ያመጣል፤ ስለዚህ ያንን 302 ለማየት የተጻፈ የመግቢያ ስክሪፕት የሚፈልገውን ሳያገኝ ይቀራል። እንዲሁም ሰረዝ ዲ የተጻፈበት ትእዛዝ የፖስትን ስም ሳይጠራ ፖስት ይሆናል፤ ይዘቱም የፎርም መረጃ እንደ ሆነ የሚገልጽ ሄደር በራሱ ይጨምራል፤ ያንኑ ጽሑፍ በፓይተን በኩል እንደ ተራ ሕብረ ቁምፊ ብትልከው ግን ሄደሩ አይኖርም። ስለ ጊዜ ገደብም ቢሆን፣ በተርሚናል ፊት የተቀመጠ ሰው ሲሰለቸው ትእዛዙን በእጁ ያቋርጣል፤ በሌሊት ብቻውን የሚሮጥ ስክሪፕት ግን የሚያቋርጥለት የለምና፣ ሪክዌስትስም ገደብ ካልተነገረው ያለ ገደብ ስለሚጠብቅ፣ በምንጩ ላይ ያልነበረውን የጊዜ ገደብ ተርጓሚው በገዛ ሥልጣኑ ሊጨምር ይገባዋል።

ከሁሉ ይልቅ በአማርኛ የሚሠራውን ሰው የሚፈትነው የፊርማ ጉዳይ ነው። የጥያቄውን አካል በምሥጢር ቁልፍ አስልቶ፣ ውጤቱን በሄደር አስቀምጦ እንዲልክ የሚጠይቅ አገልግሎት እናስብ። ከርል በትእዛዙ ላይ የተጻፈውን «ከበደ» የሚለውን ስም፣ ተርሚናሉ በዩቲኤፍ-8 እስከ ሠራ ድረስ፣ እያንዳንዱን ፊደል በ3 ባይት ቆጥሮ በ9 ባይት ይልካል። ሪክዌስትስ ግን መረጃውን በጄሰን መልክ እንዲያዘጋጅ ሲታዘዝ፣ እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል ባለ 6 ቁምፊ በሆነ የላቲን መለያ ስለሚተካው ያው ስም 18 ባይት ይሆናል፤ ከነጠላ ሰረዝና ከሁለት ነጥብ በኋላም ባዶ ቦታ ይጨምራል። ተቀባዩ ሲያነበው ትርጉሙ አንድ ነው፤ ፊርማው ግን የሚሰላው በባይቱ ላይ ነውና፣ የተፈረመውና የተላከው ከተለያዩ ሰርቨሩ ጥያቄውን አይቀበለውም፤ ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል በተጻፈ ጊዜ ሁሉ ሲሠራ የቆየ ኮድ፣ የመጀመሪያው አማርኛ ስም ሲመጣ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱም ጽሑፉን አንድ ጊዜ ራስ አዘጋጅቶ፣ የፊደል መተካቱን ከልክሎ፣ በዩቲኤፍ-8 ወደ ባይት ለውጦ፣ የፈረሙበትን ያንኑ ባይት መላክና የይዘቱን ዓይነት በሄደር ላይ በእጅ መጻፍ ነው።

በታማኝነት መተርጎም የሌለበትም ነገር አለ። ሰረዝ ኬ የሰርተፊኬት ምርመራን የሚያስቀር ሲሆን፣ መለወጫዎች ጠባያቸው ነውና እንዳለ ያሻግሩታል፤ ለአንድ አፍታ ሙከራ የተፈቀደ ቸልታ በኮድ ውስጥ ቋሚ ሥርዓት ሆኖ ሲቀመጥ ግን፣ በመንገድ ላይ የተደበቀ አታላይ የይለፍ ቃሉን ቢያነብ ማንም አያውቅም። እኔ ይህን ምልክት ባየሁ ቁጥር እሰርዘዋለሁ፤ ሥራው ከቆመም የሰርተፊኬቱን ጉድለት ማረም ይሻላል እላለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ የምትተረጉመውን ትእዛዝ በመጀመሪያ ሰረዝ ቪ ጨምረህ አስኪደውና፣ ከርል በእርግጥ የላካቸውን ሄደሮች ኮድህ ከሚልካቸው ጋር መስመር በመስመር አስተያያቸው። ከብራውዘር የቀዳኸው ትእዛዝ የአንተን የመግቢያ ኩኪና ቶክን ይዞ ይመጣልና፣ ወደማታውቀው መለወጫ ከመለጠፍህና ኮዱን ለባልደረባህ ከመላክህ በፊት አውጣቸው።