የተዘጋው በር፤ የኦሬንጅበርግ ቦውሊንግ አዳራሽ

የመዝናኛ ቤት የሚመዘነው በውበቱ ብቻ ሳይሆን በሩን ለማን ከፍቶ በማን ላይ እንደዘጋ ጭምር ነው። በአሜሪካ፣ በሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ በኦሬንጅበርግ ከተማ የሚገኘው የኦል ስታር ቦውሊንግ አዳራሽ ለዚህ ዐቢይ ምሳሌ ነው። በኪነ ሕንፃ ረገድ ተራ ቤት ነው፤ ክብደቱ በታሪኩ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የዜጎች መብት ሕግ የዘር ልዩነትን ከልክሎ ሳለ፣ የአዳራሹ ባለቤት ጥቁሮችን አላስገባም ብሎ ጸና። በፌብሩዋሪ 1968 ተማሪዎች በተቃውሞ ተነሡ። በወሩ 8ኛ ቀን ምሽት የአውራ ጎዳና ፖሊሶች በኮሌጁ ግቢ በተሰበሰቡት ላይ ተኮሱ። ሳሙኤል ሐመንድ፣ ዴላኖ ሚድልተንና ሄንሪ ስሚዝ ሞቱ፤ 28 ያህል ሰዎች ቆሰሉ። የተከሰሱት ዘጠኝ ፖሊሶች በ1969 በነፃ ሲለቀቁ፣ ከቁስለኞቹ አንዱ ክሊቭላንድ ሴለርስ ግን ታሠረ፤ ምሕረት ያገኘው በ1993 ነበር። አዳራሹ ለሁሉም እንዲከፈት ፍርድ ቤት ያዘዘው ከግድያው በኋላ፣ በዚያው ወር ነው። ከፍርዱ መነሻዎች አንዱ በውስጡ የነበረው የምግብ መሸጫ ነው።

ቤቱ በ1996 በታሪካዊ ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ2007 ሥራውን አቆመ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታንና መታሰቢያን አጣምሮ ለማደስ የተነሣው ሐሳብ የሚደገፍ ነው። ሆኖም ደሙ የፈሰሰው በግቢው እንጂ በአዳራሹ ስላልሆነ፣ ግድግዳው ብቻውን ምስክር አይሆንም። የመጫወቻ ወለሉን መወልወል ቀላል ነው፤ እድሳቱ የሚመዘነው ግን ያ በር ለምን ተዘግቶ እንደነበረ ለገቢው ሁሉ በመንገሩ ነው። ይህን ከዘለለ፣ ትዝታን አስውቦ እውነትን የሚሸፍን ጌጥ ሆኖ ይቀራል።