እውነቱን ጠላት ሲናገረው

ወጣቶች፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የምትወዱት የጀግና ፊልም አልቆ ተከታዩን ጻፉ ብትባሉ፣ ለጀግናው ምን ዓይነት ባላንጣ ትመርጡለታላችሁ? በማስተምርበት ክፍል ይህን ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ “ከፊተኛው የበረታ” የሚል ነው። እኔ አልስማማም። ጥሩ ባላንጣ ጀግናው ሳይዘጋ የተወውን በር የሚያውቅ ነው።

ክሪስቶፈር ኖላን የሠራቸውን ሦስት የባትማን ፊልሞች እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው በመጀመሪያው የጀግናው ፈተና ፍርሃት ነበር፤ ስለዚህ ከባላንጣዎቹ አንዱ ሰውን በፍርሃት የሚያሳብድ የአእምሮ ሐኪም ሆነ። በ2008 “ዘ ዳርክ ናይት” ላይ ጆከር መጣ። ጆከር የገንዘብ ክምር የሚያቃጥል ሰው ነው። ፍላጎቱ ሰው ሁሉ ሲጨንቀው እንደ እርሱ እንደሚሆን ማሳየት ነው። በአንድ መርከብ ተራ ነዋሪዎች፣ በሌላው እስረኞች ተሳፍረዋል፤ ለእያንዳንዱ መርከብ የሌላውን ማፈንጃ ሰጠ። እስከ እኩለ ሌሊት አንዱ ሌላውን ካላጠፋ ሁለቱንም ሊያፈነዳ ዛተ። አንድ ግዙፍ እስረኛ ግን ማፈንጃውን ተቀብሎ በመስኮት ወረወረው፤ ነዋሪዎቹም መጫን አቃታቸው። ጆከር እዚህ ላይ ተሸነፈ።

ፊልሙ ግን ሌላም ባላንጣ አለው። ሃርቪ ዴንት የጎታም ከተማ ዐቃቤ ሕግ፣ ሕዝቡ ተስፋ የጣለበት ሰው ነበር። የሚወዳት ሴት ሞታ ግማሽ ፊቱ ሲቃጠል፣ ሳንቲም እየወረወረ በሰው ሕይወት ላይ መፍረድ ጀመረ። ሲሞት ባትማንና የፖሊስ አዛዡ ጎርደን ተስማሙ፦ ሕዝቡ ተስፋ እንዳይቆርጥ ጥፋቱን ባትማን ይሸከም፣ ዴንትም በጀግና ስም ይቀበር። አንዳንዶቻችሁ ይህን ከመስቀሉ ጋር ስታመሳስሉት ሰምቻለሁ። ቀስ በሉ። በመስቀሉ ላይ ኃጢአት በግልጥ ተፈረደበት፤ በጎታም ግን ተደበቀ።

የ2012ቱ ተከታይ ፊልም የሚጀምረው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። በዴንት ስም ሕግ ወጥቷል፣ እስር ቤቱ ሞልቷል፣ ከተማዋ ጸጥ ብላለች። አዲሱ ባላንጣ ቤይን ጉልበተኛ ነው፤ የባትማንን ጀርባ ይሰብራል። ከባዱ ምቱ ግን ወረቀት ነው። ጎርደን ጽፎ ሳያነበው የቀረውን ኑዛዜ ወስዶ በእስር ቤቱ ደጅ ለሕዝብ ያነበዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን፤ ማን እንደሚያጠራው ግን ልዩነት አለው። ዳዊት በደሉን ሲሸፍን ናታን ወደ ቤቱ ተላከለት። ጎታም ናታን ስላልነበራት እውነቱን ጠላት ነገራት፤ የተናገረውም ሊያድናት አልነበረም።

ኖላን ይህን የመሰለ ባላንጣ መርጦ በሚገባ ሳይጠቀምበት ማለፉ ይቆጨኛል። ከንባቡ በኋላ ታሪኩ ወደ ቦምብ ሩጫ ይገባል፤ የተታለለው ሕዝብ ምን እንደተሰማው እምብዛም አናይም። በመጨረሻም ቤይን የሌላ ሰው ዕቅድ አስፈጻሚ ሆኖ ያንሳል።

ይህ ነገር ከፊልም በላይ የሚያሳስበኝ ምክንያት አለ። እኔም አንድ ጊዜ “የወንጌል ስም እንዳይነቀፍ” ብዬ የአንድ አገልጋይን ጥፋት ከሌሎች ጋር ሸፍኛለሁ። ለጊዜው ሰላም መሰለን። በኋላ ነገሩን አደባባይ ያወጣው የሚያፌዝብን ሰው ነበር። የተጎዳችው እህት ግን ከዚያ አስቀድማ ከመካከላችን ሄዳለች። ስሟን በጸሎት ሳነሣ ዛሬም አፍራለሁ።

እንግዲህ ተከታዩን ፊልም ስትጽፉ ባላንጣውን ከመምረጣችሁ በፊት “ጀግናው ምን ደብቋል?” ብላችሁ ጠይቁ። በኅብረታችሁም ውስጥ ይህንኑ ጠይቁ፤ የተጎዳው ሰው ሳይሄድ፣ የሚወዳችሁ ሰው ሊናገረው በሚችልበት ጊዜ።