እናናን የሚሰሟት ብዙ፣ የሚያዩዋት ጥቂት፦ ስለ ረዳት ተዋናይና ስለ አድናቂው

የቴሌቪዥን ድራማ አድናቂዎች ሲነሡ ሁለት ፍርዶች ቀድመው ይሰማሉ። የተማረው ወገን ስልኩ ላይ ተደፍቶ የሚውለውን አድናቂ ሥራ ፈት ይለዋል። የመዝናኛ ጋዜጠኛው በበኩሉ የተመልካች ቁጥር እየጠራ አድናቂውን የጥበብ ወዳድነት ማስረጃ ያደርገዋል። ሁለቱም አድናቂው የሚያደርገውን ጠጋ ብለው አላዩትም። የኛ አድናቂ አንድን ረዳት ተዋናይ ሲወድ በአብዛኛው የሚወደው ንግግሩን ነው እንጂ ትወናውን አይደለም። ልማዱ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም፤ ቢያንስ በጎጃም ደጋ ሥር የሰደደ ነው። ችግሩ አድናቂው ከወረሰው ነገር ግማሹን መንገድ ላይ ጥሎ መምጣቱ ነው።

በአርትስ ቲቪ የታየውን «እረኛዬ»ን እንውሰድ። ድራማውን አዜብ ወርቁ፣ ቤዛ ኃይሉና ቅድስት ይልማ ጽፈውታል፤ ያዘጋጀችው ቅድስት ናት። ድርብወርቅ ሰይፉ የተጫወተቻት እናና ከወጣቶቹ ባለታሪኮች ጎን የቆመች አሮጊት ናት፤ ድራማው ካለቀ በኋላ ግን በየስልኩ የቀረችው እሷ ናት። ይህ ለአማርኛ ድራማ ትልቅ ነገር ነው። ፖስተሩ የወጣት ፊት በሚፈልግበት ገበያ የአንዲት የገጠር እናት ፊት እንደ ኮከብ ፊት ተፈላጊ ሆኗል። ለዚህ አድናቂው ሊመሰገን ይገባል።

ምስጋናውን እዚህ ላቁምና ወደ ቅንጫቢው ልግባ። ከእናና ንግግር ተቆርጦ የሚዘዋወረው ቅንጫቢ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያዋ ቃል ይነሣና የመጨረሻዋ ቃል ላይ ያልቃል። ከቃሉ በፊት የነበረው ዝምታ ተቆርጧል፤ ከቃሉ በኋላ የአድማጩ ፊት ላይ የሚወርደው ነገርም የለም። ቀጥሎ ቅንጫቢው ወደ ፎቶ ይለወጣል፤ ፎቶው ላይ ንግግሩ በደማቁ ይጻፍበታል። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ፎቶውም ይቀርና ዓረፍተ ነገሩ ብቻውን «የአባቶች አባባል» ተብሎ ይዞራል። እዚህ ሲደርስ የሦስቱ ጸሐፊዎች ስም ጠፍቷል፣ ድራማው ጠፍቷል፣ ተዋናይቷም የለችም። አድናቂው አደንቃታለሁ የሚላትን ሴት በሦስት እርምጃ ከሥራዋ አስወጥቷታል።

የጠፋው ቀላል ነገር አይደለም። ረዳት ተዋናይ ታሪኩ የእሱ ስላልሆነ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ሌላው ሲናገር በማዳመጥ ነው። ብቃቱ የሚለካውም እዚያ ላይ ነው፦ የሰማውን እንዴት እንደሚቀበል፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት ምን ያህል እንደሚዘገይ፣ ለመናገር ሲወስን ሰውነቱ ላይ ምን እንደሚታይ። ድርብወርቅ እናናን ያቆመቻት በቃል ብቻ አይደለም፤ በአቀማመጥና በዝግታም ነው። ያው ዓረፍተ ነገር በሌላ አፍ ስብከት ሊሆን ይችል ነበር። ከእሷ አፍ ሲወጣ ምክር የሆነው ቃሉን ለሚሰማው ሰው ስትል ስለምታወጣው ነው። ቅንጫቢው ግን ያንን ሰው ቆርጦ ስለሚጥለው እናና ለማንም ሳይሆን ለሁላችንም የምትሰብክ ትመስላለች።

በተቃራኒው ክፉ ሰው የተጫወተ ተዋናይ ሲሆን አድናቂው ዓይኑን ይከፍታል። ከ2003 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በታየው «ሰው ለሰው» አበበ ባልቻ አስናቀን ሲጫወት ሕዝቡ የያዘው ጥቅስ አልነበረም። የያዘው አነጋገሩን፣ እርጋታውን፣ ፊቱ ላይ የማይነበበውን ነገር ነበር። የአስናቀ ቃል ውሸት መሆኑን ተመልካቹ ስለሚያውቅ ጆሮውን አላመነም፤ ፊቱን አየ። በእኔ ግምት የአስናቀ ጠላቶች ከእናና ወዳጆች የተሻሉ ተመልካቾች ነበሩ።

ከፊት ይልቅ ቃል የሚይዘው ይህ የአድናቂ ጆሮ ከየት መጣ? ቅርቡ ምንጭ ሬዲዮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ፕሮግራም ሲተርክ ብቻውን ሁሉንም ሰው ሆነ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን መጽሐፍ ገልጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ጉዱ ካሳን በወጋየሁ ድምፅ ያውቀዋል። ጉዱ ካሳ የልቦለዳችን ትልቁ ረዳት ገጸ ባሕርይ ነው፤ ፍቅሩ የበዛብህና የሰብለ ነው፣ ሥልጣኑ የፊታውራሪ መሸሻ ነው፣ የሚጠቀሰው ግን እሱ ነው። እሱም ቢሆን እንደ እናና ተቆርጧል። ስለ ማኅበራዊው ሥርዓት የሚናገረውን የሚጠቅሱ ሰዎች ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን በዛብህን አይጠቅሱትም። ጉዱ ካሳ ያን ሁሉ የሚናገረው ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቆጥሮ የመጣ፣ ነገር የሚገባው ጆሮ ስላገኘ ነው። በዛብህን ስናወጣው ካሳ መንደሩ እንደሚለው እብድ ይሆናል፤ ለግድግዳ የሚናገር ሰው።

የራቀው ምንጭ ቅኔ ቤቱ ነው፤ አድናቂውን የምወቅስበት መለኪያም የሚገኘው እዚያው ነው። የጎጃም ቅኔ ቤቶች ዋሸራና ጎንጅ ያፈሩት አድማጭ ቃል ወዳድ ነው፤ የሰማውን ይይዛል፣ ለሌላው ያቀብላል። ነገር ግን ቅኔን ብቻውን አያቀብልም። አንድ የቅኔ ወዳጅ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የቆየ ቅኔ ሲያሰማ ልብ ብላችሁ ስሙት። መጀመሪያ ማን እንዳለው ይናገራል። ከዚያ ለየትኛው በዓል፣ በማን ፊት፣ ማን ቅር ተሰኝቶ ማን እንደሣቀ ያወሳል፤ ቅኔው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅኔ ለዕለቱ የሚዘረፍ፣ ነገ የማይደገም ስለሆነ ዕለቱን ያልያዘ ሰው ሰሙን ቢይዝ እንኳ ወርቁ ያመልጠዋል። አድማጩ ይህን ያውቃል፤ ባለቤቱን ሳይጠራ ቅኔ የሚያሰማ ሰው ይታማል። የዛሬው አድናቂ ከዚህ ትምህርት ቃል መውደዱን ወረሰ፤ ባለቤትንና ሁኔታን መጥራቱን ተወው።

ያም ሆኖ ልማዱን የለወጠው የሰው ስንፍና ብቻ አይደለም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ሲቋረጥ ስለ ገጠሩ ድራማ በኢንተርኔት የሚደረገው ጨዋታ በአብዛኛው በአዲስ አበባና በውጭ ባሉ ኢትዮጵያውያን እጅ ቀረ። ክልሉ ውስጥ ያለው ተመልካች ያለፈ ክፍል ማየት ሲያምረው ከቀሩት መንገዶች አንዱ የቆየው ነበር፦ ከፊልም ቤት ፍላሽ ላይ ማስጫን። በፍላሽ የሚጫነው ሙሉ ክፍል ነው፤ ዝምታው አለ፣ አድማጩ አለ፣ መጨረሻ ላይ የጸሐፊዎቹ ስም አለ። መቋረጡን ላወድስ አይደለም፤ በተማሪውም በነጋዴውም ላይ ያደረሰውን ጉዳት ሁሉም ያውቀዋል። ለሙያው ግን አንድ ነገር ያሳያል፦ ተመልካች ሙሉውን ሲያገኝ ሙሉውን ያያል። ጥፋቱ ከአድናቂው ዓይን ይልቅ ከቅንጫቢው ነው።

ቅንጫቢው ተዋናይ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ከዚህ ሁሉ ይብሳል። አድናቂ ተዋናይን ከሥራ ወደ ሥራ ሲከተል ጥሩ ነው፤ ዛሬ ያየውን ከትናንቱ ያነጻጽራል። ጥቅስ የሚከተል አድናቂ ግን ተዋናይዋ በአዲሱ ሥራ ያችኑ እናናን እንድትደግምለት ይፈልጋል። ፕሮዲውሰሩም ይህን ያውቃል፤ ነጠላ አልብሶ፣ ሁለት ምሳሌያዊ አነጋገር ጽፎ እናት ያደርጋታል። በየአዲሱ ድራማ ጥግ ላይ ተቀምጠው የሚመክሩት አሮጊቶች እንዲህ ነው የበዙት። አብዛኞቹ የሚያዳምጡት ሰው የላቸውም፤ ለስልክ ነው የሚናገሩት። በኮሜዲዎቻችን ከጎጃም ገጠር የመጣው ዘበኛ በአነጋገሩ ማሣቂያ እንደሆነ ሁሉ እነዚህም በአነጋገራቸው ማልቀሻ ሆነዋል። ሁለቱም የገጠሩን ሰው ከአንደበቱ ሌላ ምንም አይሰጡትም፤ እኔ ልዩነታቸው አይታየኝም።

ስለዚህ አድናቂውን የምለምነው ጥቂት ነገር ነው። የእናናን ንግግር ስታጋሩ ከቃሉ በፊት ያለውን ዝምታና ከቃሉ በኋላ ያለውን የአድማጭ ፊት አትቁረጡ። የምትናገረው ለማን እንደሆነ፣ ክፍሉ ስንተኛ እንደሆነ፣ ማን እንደጻፈው ከሥሩ አስፍሩ። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የተጠራው የባህል ጥናት ተቋምም የቴሌቪዥን ተመልካቹን ከሚያጠናቸው ባህሎች አንዱ አድርጎ ቢቆጥረው ቦታው ነው፤ ቅኔ ሰሚውና ድራማ ተመልካቹ አንድ ሕዝብ ናቸው። ድርብወርቅ ሰይፉ ከጥቅስ በላይ ሠርታለች፤ የሚገባትም የሚያያት አድናቂ ነው።