ቆጥሮ መግባት
በጎጃም የትውልድ ቆጠራ ላይ የቀረበ ሂሳዊ ዳሰሳ

ከዓባይ እስከ ዓባይ በተከበበው በጎጃም ምድር ትውልድ መቁጠር የክረምት ምሽት መጨዋወቻ ብቻ ሳይሆን፣ በዳኛ ፊት ቆሞ ማሳ የሚያስገኝ ወይም ከማሳ የሚያስነቅል ሙያ እንደ ነበረ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል፤ ስለዚህ የርስትን ሥርዓት ከሥር ከመሠረቱ ለመተረክ አልደክምም። ብዕር ያስያዘኝ ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀና ይህ ሙያ ከችሎት ከወጣ ወዲህ፣ የሚያመሰግኑትም የሚነቅፉትም ከመልኩ አውጥተው ይዘውት መገኘታቸው ነው። አመስጋኞቹ የአበው ታሪክ ሳይጐድልና ሳይፋለስ የተጠበቀበት የቃል መዝገብ ያደርጉታል፤ ነቃፊዎቹ ደግሞ ባለርስት ሁሉ እንደ ጥቅሙ የሸመነው ልብ ወለድ ነው ብለው ይተዉታል። በእኔ አስተያየት ግን የጎጃም የትውልድ ቆጠራ ከሁሉ አስቀድሞ የሙግት ጥበብ ነውና፣ ሊመዘን የሚገባው በሙግት ሚዛን ነው።

ለነቃፊዎቹ ምርኩዝ የሆናቸው አሜሪካዊው ሊቅ አለን ሆበን በዳሞት ተቀምጦ ያየውን ሰብስቦ በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ስለ ዐማራ የመሬት ይዞታ የሚናገረው መጽሐፍ ነው። ሆበን እንዳስረዳው፣ ርስት በአባትም በእናትም ስለሚወረስ አንድ ሰው በብዙ አቅኚ አባቶች በኩል ብዙ ርስት ሊጠይቅ ይችላል፤ ነገር ግን ከመጠየቅ እስከ መያዝ ያለውን መንገድ የሚያሻግረው ጉልበትና ሹመት፣ ዘመድና አንደበት ነው። ያየው ትክክል ነው፤ የሚያሳዝነው ከእርሱ በኋላ ያነበቡት ሰዎች የቸኰለ ፍርድ ነው። አንድ ሰው ወላጆቹን ሁለት፣ አያቶቹን አራት፣ ቅድመ አያቶቹን ስምንት እያለ ወደ ላይ ሲወጣ በሰባተኛው ቤት 128 አባቶችና እናቶች ይደርሱታል፤ ከእነዚህ ሁሉ በአእምሮው የሚይዛቸው ወደ ርስት የሚያደርሱትን ጥቂቶቹን ነው። ይህ መምረጥ እንጂ መዋሸት አይደለም፤ ተሟጋች ከምስክሮቹ መካከል የሚጠቅመውን ይጠራል እንጂ የሚጐዳውን ፈልጎ አያመጣም።

ደግሞም በዚያው አገር ሌላ ቆጠራ ነበረ። ልጅ ለመዳር የሚቆጠረው ቆጠራ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነውና፣ ቈጣሪው የሚመኘው ዘመድ ማጣትን ነው፤ ርስት ለመጠየቅ የሚቈጥረው ግን ዘመድ ማግኘትን ይመኛል። ሁለቱን ያስኬዱ የነበሩት እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው። በሠርግ ዋዜማ «አንገናኝም» ብሎ ያስቈጠረ ሰው፣ ዓመታት አልፈው በችሎት «የአንድ አባት ልጆች ነን» ቢል፣ ባላጋራው ያንኑ የሠርግ ቆጠራ ሊያነሣበት ይችላል። ይህ እርስ በርሱ የሚተያይ ፍተሻ እያለ ነገሩን ሁሉ ልብ ወለድ ማለት የሽማግሌዎቹን ጥንቃቄ አለማወቅ ነው።

የእንግሊዝን የመካከለኛ ዘመን ባላባቶች ሐረገ ትውልድ የሚመረምሩ ሊቃውንት ብዙ ብራና ስላላቸው ከእኛ ይልቅ የታደሉ መስለው ይታያሉ። በእርግጥም ከ13ኛው ምዕት ዓመት አንሥቶ ከንጉሡ መሬት የያዘ ሰው በሞተ ጊዜ የአገሩ ሰዎች ምለው ሟቹ ምን ያህል መሬት እንደ ነበረው፣ ወራሹ ማን እንደ ሆነና ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ የሚናገሩበት ምርመራ ይደረግና ይጻፍ ነበር። የዚያ አገር ርስት በአብዛኛው ለበኵር ልጅ ስለሚሄድም ዘሩን መከተል አንዱን ግንድ ይዞ እንደ መውጣት ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ብራና መኖሩ ከሐሰት አላዳናቸውም። በኖርፎክ አውራጃ የነበሩት ፓስተን የተባሉት ቤተ ሰቦች፣ ደብዳቤዎቻቸው እስከ ዛሬ የሚነበቡላቸው፣ በ15ኛው ምዕት ዓመት የሰር ጆን ፋስቶልፍን ርስትና የኬስተርን ግንብ ለመውረስ ሲሟገቱ ባላጋሮቻቸው የዘራቸውን ነገር አነሡባቸው፤ የዳኛው የዊልያም ፓስተን አባት ክሌመንት ክረምት ከበጋ ሞፈር ይዞ የሚያርስ፣ እህሉን ከሥሩ አድርጎ ኮርቻ በሌለው ፈረስ ወደ ወፍጮ የሚወርድ ተራ ገበሬ ነበረ የሚል ጽሑፍ አወጡባቸው። ፓስተኖች በበኩላቸው ዘራቸውን እስከ ኖርማኖች መምጣት ድረስ አስቈጠሩ፤ ንጉሥ ኤድዋርድ አራተኛም በ1466 ጥንተ ጨዋ መሆናቸውን መሰከረላቸው። ታሪክ መርማሪዎች ግን ለገበሬው ክሌመንት ያደላሉ። ይህን የማነሣው፣ የጎጃም ሽማግሌ በቃሉ ስለ ቈጠረ ብቻ የሚነቀፍ፣ እንግሊዛዊው ስለ ጻፈ ብቻ የሚታመን እንዳይሆን ነው፤ ርስት ባለበት ሁሉ የትውልድ ቆጠራ ከሙግት አይለይም።

አሁን ወደ ሙያው ውስጥ ልግባ፤ ብዙ የተዘነጋው ይህ ነውና። ለምሳሌ ያህል አገሩን ያቀናው ዋና አባት አራት ልጆች፣ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ ወለደ እንበል። መሬቱ በአራቱ ስም በአራት ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ለሚወለዱት ሁሉ ምንዝር አባት ይሆናል፤ ሴቲቱም በስሟ አንድ እጅ ታወርሳለች። ከዘመናት በኋላ የሚመጣው ተወላጅ ነኝ ባይ መጀመሪያ ማስረዳት ያለበት ከአራቱ በየትኛው እንደሚገባ ነው። ቆጠራው ከላይ ቢሳሳት፣ ማለት አምስተኛ ልጅ ነበረ ተብሎ ቢረታ፣ ሩቡ አምስተኛ እጅ ይሆንና የአገሩ ድርሻ ሁሉ ይናወጣል፤ ከታች ቢሳሳት፣ ማለት አያቱን ወይም ቅድመ አያቱን ቢያፋልስ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ስለሚያውቅ ወዲያው ይያዛል። መካከሉ ግን፣ በምንዝር አባቱ ልጆችና በሕያዋን ትዝታ መጨረሻ መካከል ያለው ስፍራ፣ አንድ ሁለት ስም ቢዘለልበት የማንንም ድርሻ አይለውጥም። ጨዋታው ሁሉ ያለው እዚህ መካከል ነው፤ ጎበዝ ተሟጋችም የባላጋራውን ቆጠራ የሚበጥሰው እዚህ ላይ ነው። ከላይ ያለውን ስም አገር ያውቀዋል፣ ከታች ያለውን ሰፈር ያውቀዋል፤ በመካከል ያለውን «እገሌ እገሌን ለመውለዱ ማን ምስክርህ ነው?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ተጠያቂው ዋስ ጠርቶ ሽማግሌ ይቈጥራል፣ ወይም ዝም ይላል።

መካከሉን መዝለል ግን የድንቁርና ምልክት አይደለም። በደብረ ኤልያስ ጉባኤ የተቀመጠ ተማሪ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ወንጌላዊው ማቴዎስ የጌታን ልደት ከአብርሃም ጀምሮ በሦስት ዐሥራ አራት ትውልድ ከፍሎ ሲቈጥር ኢዮራም ዖዝያንን ወለደ ይላል፤ በመጽሐፈ ነገሥት ግን በሁለቱ መካከል አካዝያስ፣ ኢዮአስና አሜስያስ አሉ። ሊቃውንቱ ይህን ስሕተት አላሉትም፤ የቁጥሩን ምሥጢር ይተረጕሙበታል እንጂ። እንደ እኔ ግምት የደብተራው ጆሮ በዚህ ምዕራፍ የተቀረጸ በመሆኑ፣ የጎጃም ሽማግሌ መካከሉን ሲያጥፍ የሚታጠፈውን ትውልድ ከሚታጠፍበት ስፍራ ጋር አስማምቶ ማጠፍን ከቤተ ክርስቲያን ተምሮታል። ማቴዎስ በዚያው ምዕራፍ ትዕማርን፣ ራኬብን፣ ሩትንና የኦርዮን ሚስት ማስገባቱም ለጎጃም ተሟጋች ትልቅ ትምህርት ነው፤ ርስቱ በሴት በኩል የመጣበት ሰው የሴቲቱን ስም ካልጠራ አይገባምና።

ስለ ሴቶቹ ጥቂት ልቈይ፤ ነቃፊውም አመስጋኙም እኩል የዘነጋው ይህን ነውና። የአገሩን ገዥዎች ቤት ብንወስድ እንኳ፣ ራስ ኃይሉ ዮሳዴቅ ወደ ጎንደር ነገሥታት ዘር የሚገናኘው የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ በሆነችው በእናቱ በወለተ እስራኤል ነው፤ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴም ከራስ ኃይሉ ቤት የሚገናኘው በእናቱ በኩል ነው፤ የጎሹ ልጅ ደጃዝማች ተሰማ የወለደው ራስ አዳል በጥር 1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብሎ ሲነግሥ ይህ ሐረግ ዘውድ አደረገ። እንግዲህ የጎጃም ንጉሥነት ያለ ሴት መገጣጠሚያ አይቈጠርም። በተራው ባለርስትም ቤት እንዲሁ ነው። ይህን እያወቁ ዘራቸውን የወንድ ስም ብቻ ደርድረው የሚያሳትሙ የዛሬ ሰዎች፣ አባቶቻቸው በዳኛ ፊት ቢያቀርቡት አንድ ጥማድ የማያስገኝ ቆጠራ ነው ያሳተሙት።

በደብረ ኤልያስ ከተማሩት መካከል በዚህ ሙያ ስማቸው ሊጠራ የሚገባው አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ናቸው። በወለጋ ከኦሮሞ ቤተ ሰብ ተወልደው በልጅነታቸው በጎጃም ጦር ተማርከው የመጡ፣ በቅኔና በሥዕል የታወቁ፣ «የጎጃም ትውልድ በሙሉ ከዓባይ እስከ ዓባይ» የተባለውን ድርሳን የጻፉ ሊቅ ናቸው። ግርማ ጌታሁን በ2014 እ.ኤ.አ. የታሪካቸውን ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት ሲያሳትም የውጭው ዓለም አወቃቸው፤ በአገራቸው ግን ሲጠቀሱ የሚጠቀሱት አብዛኛውን ጊዜ እንደ ምንጭ ብቻ ነው፤ እንደ ጸሓፊ የሚመዝናቸው ጥቂት ነው። ብዙዎች የሚያደንቁት የስሞቹን ብዛት ነው፤ እኔ የማደንቀው ግን፣ አንድም የጎጃም ርስት በአባቱ የማይገባ ሰው የሌላውን ሁሉ ርስት መቍጠሩን ነው። በርስት የተወለደ ሰው ከቆጠራው የራሱን ድርሻ ያያል፤ አለቃ ተክለ ኢየሱስ የሚጠብቁት ድርሻ ስለ ሌለ ሁሉንም ይቈጥራሉ። ከዓባይ እስከ ዓባይ ብሎ ለመነሣት እንደ እርሳቸው ዕጣ የሌለው ሰው ይጠይቃል። እንከን የለባቸውም አልልም፤ የጥንቱ ዘመን ትረካቸው በአፈ ታሪክ የተጫነ ነው፣ የተጻፈውም ለገዥዎቹ ቤት ቅርብ በሆነ መንፈስ ነው። ይህን ሁሉ አይቼ ግን ከዘመናቸው የጎጃም ጸሓፍት መካከል ማንን ትመርጣለህ ብባል እርሳቸውን እመርጣለሁ።

በዚያው በደብረ ኤልያስ ፊደል የጠገቡት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ደግሞ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» የቆጠራውን ሌላ ፊት አሳይተውናል። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን አጥንት ሲያማርጡ ዘመን ያልፍባቸዋል። ልብ ብሎ ያነበበ ሰው እንደሚያየው የፊታውራሪው ቆጠራ ማሳ አያመጣም፣ ዳኛ አይፈርድበትም፣ ምስክር አይጠራበትም፤ ኩራት ብቻ ነው። የትውልድ ቆጠራ ከችሎት ሲወጣ ምን እንደሚሆን ደራሲው አዋጁ ከመታወጁ በፊት አሳዩን ማለት ይቻላል፤ ዛሬ በተዋበ ሽፋን የሚታተሙት የቤተ ሰብ መጻሕፍት አብዛኞቹ የፊታውራሪ መሸሻ ልጆች ናቸው። ባላጋራ የሌለው ቆጠራ ምስክር አያስፈልገውም፤ ስለዚህም ከላይ እስከ ሰሎሞን ይወጣል፣ በጎን ማንንም አይነካም።

የጥንቱን ግን ከእውነቱ በላይ ላወድሰው አልፈልግም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ምሳሌ ኃይለኛ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ በ1168ኛው አንቀጽ ዐሥራ አምስት ዓመት የያዘና የገበረ ባለቤት ይሆናል ሲል፣ በልማድ የቤተ ሰብ የወል የሆነውን መሬት ከዚህ አውጥቶታል። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን በመቃወም ሲነሣ መሬቱ ይለካብኛል ብሎ የፈራው ይህንኑ ርስት ነው። ዳሩ ግን በዚህ ቆጠራ ውስጥ ስም የሌላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ጢሰኛው፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂውና ባሪያው ከማንም ምንዝር አባት አይገቡም ነበር፤ የአገሩን ዕቃ የሠሩት እነርሱ ሆነው ሳለ ከአገሩ ትውልድ አልተቈጠሩም። ይህን ጉድለት ሽማግሌው አላጠፋውም፤ ሥርዓቱ ራሱ የቆመው በእርሱ ላይ ነውና። ስለ ርስት ውበት የሚጽፉ ሁሉ ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈውት ሲሄዱ ሳይ እናደዳለሁ።

በ1967 ዓ.ም. በዳኛ ፊት ቆሞ የቈጠረ የሃያ ዓመት ወጣት ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎታል። በደብረ ማርቆስና በዙሪያው ያላችሁ የታሪክና የሕግ መምህራን፣ የርስት ሙግት ያስኬዱትን ሽማግሌዎች ስትጠይቁ የዘራቸውን ዝርዝር ብቻ አትቅዱ፤ ባላጋራቸው ማን እንደ ነበረ፣ የትኛው ስም ላይ እንደ ተበጠሰባቸው፣ ምስክሩ ማን እንደ ሆነና ዳኛው ምን እንደ ፈረደ ጠይቃችሁ ጻፉ። በየደብሩ ወንጌል ኅዳግ የሰፈረውን የመሬት ማስታወሻም ከቃሉ ጋር አመሳክሩ። የሴቶቹን ስም አስቀድማችሁ ጠይቁ።