«ቅዳ»፣ «አጥፋ»፣ «አጉላ»፦ የድምፅ አርትዖት ገበታ ቃላት ሲመዘኑ

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚሰማው የጭላዳ ድምፅ ለቋንቋ ተመራማሪ ባዕድ አይደለም። ሞርጋን ጋስቲሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ የወንድ ጭላዳዎች የድምፅ ቅደም ተከተል የመንዘራትን ሕግ እንደሚከተል አሳይተዋል፤ ይኸውም በአንድ ተከታታይ ጩኸት ውስጥ ያሉት ድምፆች በቁጥር በበዙ መጠን የእያንዳንዳቸው ርዝመት በአማካይ ያጥራል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ውጤት የሚገኘው የተቀረጸው ድምፅ በኮምፒውተር ላይ ተዘርግቶ መነሻውና መድረሻው በሰከንድ ክፍልፋይ ሲለካ ነው። እንግዲህ ሳንቃ በር ላይ የተቀረጸ ድምፅ ለአንድ የደባርቅ ወይም የዳባት ተማሪ ተሰጥቶ፣ የሚሠራበትን ገበታ በአማርኛ ማስረዳት ቢያስፈልግ በምን ቃላት እንጠቀማለን?

ለዚህ ተግባር ከሚያገለግሉት ፕሮግራሞች አንዱ ኦዳሲቲ ነው። ዶሚኒክ ማዞኒና ሮጀር ዳነንበርግ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ለሕዝብ የቀረበና ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። ገበታው ሲከፈት ከላይ የትእዛዞች ዝርዝር፣ ከሥሩ የመቅረጫና የማጫወቻ ቁልፎች፣ ከዚያም ድምፁ እንደ ተራራ ሰንሰለት ከፍ ዝቅ እያለ የሚታይበት ሰፊ ሜዳ ይገኛል። ይህን ለማስረዳት መጀመሪያ እጃችን የሚገባው በስልክና በኮምፒውተር ላይ የለመድነው ስያሜ ነው፦ «አርትዕ»፣ «ቁረጥ»፣ «ቅዳ»፣ «ለጥፍ»፣ «ቀልብስ»። ለጽሑፍ ሥራ እነዚህ ቃላት አያሳፍሩም። ጉድለታቸው የሚገለጠው ከሌሎች ጋር በአንድ ገበታ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው «ቅዳ» ነው። ቃሉ በግእዝ ቀድሐ፣ ውሃ መቅዳት ነበር። በአማርኛ ከእንስራ ወደ ዋንጫ፣ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ፣ በኋላም ከካሴት ወደ ካሴት ተሸጋገረ። ባዶ ካሴት ይዞ ሙዚቃ ቤት ሄዶ ዘፈን ያስቀዳ ትውልድ ቃሉን የሚያውቀው በዚህ ፍቺው ነው። ነገር ግን ያው ሰው ማይክሮፎን ፊት የሚናገረውንም «ድምፁን ቀዱት» ይላል። ስለዚህ «የመረጥኸውን ቅዳ» የተባለ ተማሪ፣ ቀዩን ክብ ቁልፍ ቢጫን ቃሉን አልሳተም፤ መሣሪያው ግን የተመረጠውን በመገልበጥ ፈንታ የክፍሉን ወሬና የወንበሩን ሲጥሲጥታ መቅረጽ ይጀምራል። መፍትሔው ሩቅ አይደለም። «መቅረጸ ድምፅ» የሚለው ስያሜ ከቴፕ ዘመን ጀምሮ አለ፤ የራዲዮ ባለሙያዎችም «ቀረጻ» ይላሉ። ከምንጩ ለሚወሰደው «ቀረጸ»፣ አስቀድሞ ለተገኘው ነገር ግልባጭ ደግሞ «ቀዳ» ቢመደብ ሁለቱ ይለያያሉ።

ከዚህ ላይ አንድ ሰዋስዋዊ ነገር ይነሣል። «ቅዳ» ለወንድ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። ለሴት «ቅጂ» ቢባል ደግሞ ግልባጩን ከሚያመለክተው ስም ጋር አንድ ይሆናል። አንድ መሣሪያ የሃምሳ ዓመት ተመራማሪን «ቁረጥ፣ ለጥፍ» እያለ እንደ ሕፃን ማዘዙም ለጆሮ አይጥምም። ሕዝቡ ግን ማንም ሳያስተምረው መንገዱን አሳይቶናል፤ የመብራቱን ቁልፍ «ማብሪያ ማጥፊያ» ብሎታል። ቁልፍ መሣሪያ ስለሆነ የመሣሪያ ስም ይገባዋል፦ መቅረጫ፣ ማጫወቻ፣ ማቆሚያ፣ መቁረጫ፣ መቅጃ፣ መለጠፊያ። ጾታም ሆነ ማዕረግ አያውቁም።

«ድምፁን አጥፋ» የሚለው አነጋገር ከ«ቅዳ» የባሰ አደጋ አለው፤ በዚህ ገበታ ላይ ሦስት የተለያዩ ተግባራትን ሊያመለክት ይችላልና። አንደኛው ድምፁ እንዳለ ሆኖ እንዳይሰማ ማድረግ ነው። ሁለተኛው የተመረጠውን ክፍል በዝምታ መተካት ነው፤ ጊዜው አይለወጥም። ሦስተኛው ክፍሉን ፈጽሞ ማስወገድ ነው፤ ከኋላ ያለው ሁሉ ወደ ፊት ተስቦ ክፍተቱ ይዘጋል። በሁለት የጭላዳ ጩኸቶች መካከል ያለው የነፋስ ድምፅ እንዲጠፋ የታዘዘ ተማሪ ሦስተኛውን ቢመርጥ፣ ሁለቱ ተከታታይ ጩኸቶች አንድ ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ልኬት ሁሉ ሐሰት ነው። ለመጀመሪያው «ድምጸ-ከል» የሚል ስያሜ ወጥቶለታል። ከግእዙ ከልአ መምጣቱ ለሊቃውንት ግልጽ ቢሆንም፣ ተራው ሰው «ከል» ሲል የሐዘን ልብስ ይታየዋል። «ድምፅ መዝጊያ» ብንለው ይሻላል፤ ሳንቃው ሲዘጋ ቤቱ አይፈርስም። ሁለተኛው «ዝምታ መሙያ»፣ ሦስተኛው «ማስወገጃ» ሊባሉ ይችላሉ።

«አጉላ»ም ዓይንንና ጆሮን ያደባልቃል። «ድምፅ ማጉያ» የቆየ ስም ነው፤ ድምፁን በእርግጥ ይለውጠዋል። ሥዕሉን ብቻ የሚያሰፋው ቁልፍ ግን ድምፁን አይነካም፤ መነጽር ሩቁን እንደሚያቀርብ እርሱም «ማቅረቢያ» ቢባል፣ ተቃራኒውም «ማራቂያ»፣ ጠቡ ያበቃል።

በትውፊት ቅዱስ ያሬድ የተሰወረው በሰሜን ተራሮች ነውና፣ ለዚህ ገበታ ከዜማ ምልክቶቹ ቃል ለመዋስ የሚመኙ አይጠፉም። ምኞቱ የሚወደድ ነው፤ ጥንቃቄ ግን ያሻዋል። እየደከመ ለሚያልቅ ድምፅ «ድፋት» ቢባል፣ ድፋት የዜማን መውረድ እንጂ የድምፅን መድከም አይናገርም፤ በዜማ ቤት ያደገ ተማሪም ቁልፉን ተጭኖ ዜማው ባለመውረዱ ይደነግራል። ለዚህ «እያሳነሱ መጨረሻ» ማለት ቢረዝምም ይሻላል። «ትራክ» ግን ሙዚቀኞቻችን ስለለመዱት እንዳለ ቢቀመጥ ተቃውሞ የለንም።